መልሱን ያዢው

ሰሞኑን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ምግብ ቤት በልተን ስንነሣ ለአስተናጋጇ የምንተዋት ጉርሻ።

ባሕር ዳር ላይ ልማዱ ቀላል ነበር። ሒሳብ በጥሬ ብር ይከፈላል። ልጅቷ መልሱን ታመጣለች፣ ከመልሱ ላይ ትንሽ ይተውላታል። የቸኮለ ሰው «መልሱን ያዢው» ብሎ ይወጣል። በመቶኛ ያሰላ ሰው አይቼ አላውቅም። ጉርሻው የሚገኘው ከዝርዝሩ ነበር።

ቴሌብር በ2013 ሥራ ከጀመረ፣ የባንኮቹም መተግበሪያ ከተለመደ ወዲህ ግን ዝርዝር የሚባል ነገር ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ። 740 ብር የበላ ሰው 740 ብር ይልካል። ገንዘቡ በቀጥታ ለቤቱ ይገባል። ልጅቷ ስልኩን አይታ መግባቱን ታረጋግጣለች፣ «እናመሰግናለን» ትላለች፣ እንነሣለን። ቸር የነበረውም ሰው ሳያስበው ባዶ እጇን ትቷት ይሄዳል።

ዓርብ ዕለት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ወጥተን ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። የምታስተናግደንን ልጅ ሳያት ነበር። ዓሣ ቤት ማስተናገድ ከሌላው ይከብዳል። የእጅ ውኃና ሳሙና ታቀርባለች። ቀረሶው ጥብስ ይሁን፣ ዱለቱ ይቅደም፣ ጉላሹ ቃሪያ ይብዛበት፣ ሁሉንም በቃሏ ይዛ ወጥ ቤት ትገባለች። አጥንቱን ታነሣለች። የዓሣ ሽታ በውኃ ብቻ ስለማይለቅ ሎሚ ትፈልጋለች። በዚህ መሐል አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው «እታለም!» እያለ ይጣራል። እሷ «መጣሁ ጋሼ» ትላለች፣ ትመጣለችም።

ሒሳቡን አንዱ ጓደኛችን በስልኩ ከፈለ፣ እኛ ድርሻችንን ላክንለት። የልጅቷስ ብዬ ስጠይቅ «ቢሉ ላይ ተቆርጧል እኮ» አለኝ። ቢሉን አየነው። የተቆረጠው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ያ የመንግሥት ነው፣ ለእሷ አንዲት ሳንቲም አይደርሳትም። ሰርቪስ ቻርጅ፣ ማለትም የአገልግሎት ክፍያ፣ ሌላ ነው። ትልልቅ ሆቴሎች 10 በመቶ ብለው ለብቻው ይጽፉታል። ይህን ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ቢሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ሰርቪስ ቻርጅ ከሌለ ልጅቷ ከደንበኛ የምታገኘው ከእጃችን የወጣውን ብቻ ነው።

ደመወዝ አላት ወይ ይባላል። አላት። ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ መጠኑን ራሱ አልቆረጠም። ከደንበኛ የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያም ደመወዝ ብሎ አይቆጥረውም። ደንበኛ ሳይከፍል ቢሰወር ወይም ብርጭቆ ቢሰበር ደግሞ ከአስተናጋጁ የሚቆርጡ ቤቶች አሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጉርሻን እንደ ምጽዋት አያየውም።

የኛ ከተማ ሌላም ችግር አለባት። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት የዘጌን ገዳማት አይቶ በጀልባ ተመልሶ ምሳ የሚበላው እንግዳ ቀርቷል። የሐይቁ ዳር ቤቶች አስተናጋጆች ጥሩ ጉርሻ የሚያገኙት ከእሱ ነበር። አሁን ያለነው እኛው ነን። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምግቡ ዋጋ ወጥቷል፤ ብዙ ሰው የሚተወው ግን አሁንም ያቺኑ አሥር ብር ነው።

አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስትመጣ 20 በመቶ ካልሰጠን ትላለች። እዚያ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅዳል። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነካም። ስለዚህ እዚያ ጉርሻው ራሱ ደሞዝ ነው ማለት ይቻላል። እዚህ 20 በመቶ ከሁሉ ሰው መጠበቅ አይገባም። እኔ የያዝኩት መለኪያ ሌላ ነው። ማምሻውን ሥራዋን ጨርሳ በባጃጅ ቤቷ የሚያደርሳትን ያህል ከሆነ ጥሩ ነው እላለሁ። ምሳው ትልቅ ከሆነና ከቻልኩ አሥር በመቶ። ለአንድ ማኪያቶ የተረፈችው ዝርዝር ትበቃለች።

አሰጣጡ ከመጠኑ በላይ ያሳስበኛል። ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ መሄድ ደስ አይልም። ሰው ሁሉ እንዲያይ ከፍ አድርጎ ማሳየትም እንደዚያው። እጇ ላይ፣ «ተባረኪ» ብሎ መስጠት ምን ይከብዳል? ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ጉርሻን ማጥመጃ የሚያደርግ ወንድ ነው። መቶ ብር ይዞ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። እሷ ደንበኛ እንዳይቀየም ፈገግ ትላለች። ያ ፈገግታ ፈቃድ አይደለም። አብሮ የተቀመጠ ወንድም «ተው» ሊለው ይገባል።

የስልክ ክፍያም እዚሁ ላይ ይሰናከላል። አንድ ጓደኛዬ «ቁጥርሽን ስጪኝና ልላክልሽ» ሲላት ልጅቷ አመነታች። እሱ ቅን ነበር። እሷ ግን ስንቱ ቅን እንደሚመስል ታውቃለች። ለማያውቁት ሰው ቁጥር መስጠት ማታ ማታ ስልክ ሲጮህ ማደር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ስል ምሳ ስወጣ ሃምሳ ሃምሳ ብሮች ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ሒሳቡን በስልክ፣ የእሷን በጥሬው።

የቤቶቹ ባለቤቶችም ሊያግዙ ይችላሉ። ከሒሳቡ መክፈያ ቁጥር ጎን ለሠራተኞች ጉርሻ ብቻ የሚውል ሌላ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍ። የማንም የግል ስልክ አይወጣም። ሳምንት ሳምንት ሠራተኞቹ ራሳቸው ባሉበት ይቆጠርና ይከፈል። ዓሣውን የምትገፍፈዋና ሳህን የምታጥበዋ ሴትም ከዚያ ይድረሳቸው፤ እነሱን ደንበኛ አያያቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቤት ስንሄድ ይህንን ለባለቤቱ ለብቻቸው ላነሣባቸው ነው።