የሰርግ ካርድ በእጅ ነው የሚሰጠው

ሰርግ ስትደግሱ ትጣላላችሁ፣ ተዘጋጁ ብሎ ያልመከረን ሰው የለም። ያገቡ ጓደኞቻችን፣ የሰፈር ሰው፣ የመስሪያ ቤት ሰው፣ ቬሎ ልለካ የገባሁበት ሱቅ ያለችው ልጅ ሳትቀር "ሰርግ ያላጣላቸውን ምንም አያጣላቸውም" አለችኝ። እኔና እጮኛዬ ግን እስካሁን ከተጨቃጨቅነው የሳቅነው ይበልጣል፣ እና ቀኑ ደርሶ ግርግሩ ውስጥ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ስራ ቀን መቁረጥ ነው። ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ገና ሰርግ የለም፣ ከገና በኋላ ጥር ክፍት ነው፣ ከዛ ነነዌ ሶስት ቀን፣ ከነነዌ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕና አርብ እንኳን ሳይጾም ይቆይና ወዲያው የሰኔው ጾም ይቀጥላል። ሁዳዴ ቶሎ ሲገባ የካቲት 1 ነው ሲዘገይ ደሞ መጋቢት 5፣ ስለዚህ ቶሎ በሚገባበት ዓመት በጥምቀትና በሁዳዴ መሃል ያሉትን እሁዶች አዲስ አበባ ሙሉ ነው የሚሻማባቸው። የሱ እናት ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ፣ ዱባይ ያለችው ልጃቸው ፈቃድ የምታገኘው ያኔ ነው ብለው። አባቴ ደሞ በሚያዝያ ዝናብ ድንኳኑ ሲያፈስ ያደረበትን የራሱን ሰርግ እያነሳ ጥር ካልሆነ አለ። መጨረሻ ላይ እህቱ ራሷ በኢሞ ደውላ "እኔ ጥርን አስፈቅጃለሁ፣ ምንድነው የምትጨቃጨቁት" ስትል ተገላገልን።

ከዛ አዳራሽ። አንዱ ጋ ደውለን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገነዋል፣ ልጅቷ በጣም ትሁት ናት፣ "እሁዶቹ ተይዘዋል ግን አርብ ክፍት ነው፣ ዋጋም እንቀንስላችኋለን" አለች። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀምጣ "አርብ? በጾም ቀን? ክትፎውን ለማን ልናበላው ነው?" ስትል ልጅቷ ሰማቻት፣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት "ማዘር እውነትዎን ነው" አለቻት። ቁጥራችንን ያዘችና አንድ እሁድ ሲለቀቅ ከሌላው ሰው በፊት ለኛ ደወለችልን። አዳራሹን ያገኘነው በእናቴ ክትፎ ነው ማለት ይቻላል።

ክትፎ ያልኩት የሱ ቤተሰቦች ጉራጌ ስለሆኑ ነው፣ የኛ ደሞ ጎጃም። የኔ አክስቶች ዶሮ ወጥ የሌለበት ሰርግ ሰርግ አይደለም ባይ ናቸው፣ የሱ አክስቶች ደሞ ክትፎ በካተሪንግ አይታሰብም ቅቤውን ራሳችን ካላነጠርነው ብለው ቁጭ አሉ፣ እኔ በእውነት ፈርቼ ነበር። ጾሙ ሳይገባ በፊት ለቅምሻ ተብሎ ሁለቱም ወገን እኛ ቤት ተሰበሰበ። የኛዎቹ ዶሮውን በአስራ ሁለት ብልቱ ከነእንቁላሉ፣ የነሱ ክትፎውን በጣባ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ቆጮውን ሞቅ እንዳለ በጨርቅ ጠቅልለው። ከዛ ትልቋ አክስቴ ክትፎው ላይ ቀረች፣ የሱ አክስቶች ዶሮው ላይ፣ ሁሉም የሌላውን እያደነቀ የራሱን የነካ ሰው አልነበረም! አክስቴ "እንዲህ የሚሸት ቅቤ ምን ገብቶበት ነው?" ብላ ስትጠይቅ ኮሰረቱና ኮረሪማው መቼ እንደሚገባ፣ እሳቱ መቼ እንደሚቀነስ አንድ በአንድ ነገሯት፣ እሷም ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እንዴት አድርጋ እንደምታቁላላው ነገረቻቸው። አሁን እነሱ በራሳቸው ይደዋወላሉ፣ ስለ ሰርጉ ምግብ አዲስ ነገር የምሰማው ከአክስቴ ነው። ሁለቱም ይቀርባል፣ አለቀ።

ከዛ በፊት ደሞ መስቀል ላይ አገር ቤት ወስዶኝ ነበር። ጉራጌ መስቀልን አገሩ ገብቶ ነው የሚያሳልፈው፣ መርካቶ ያለው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል፣ ዘመድ ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚገኘው ያኔ ነው። የነሱ መንደር ጀፎረው፣ መንደሩን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው መንገድ፣ ሰፊ ነው፣ ሳር የለበሰ፣ ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ፣ እንሰቱ ከጀርባ። እጮኛዬ አያቱን ካርድ እናመጣልሻለን ሲላቸው በጉራግኛ አንድ ነገር አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ምን አሉ? ስለው "ካርድ ማንበብ አልችልም አፍ ግን አለኝ፣ የምጠራው እኔ ነኝ" ብለዋል። በማግስቱ በጀፎረው ከኛ ጋር ሲሄዱ ያገኙትን ሁሉ ሲጠሩ ዋሉ፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ የነገራቸው የለም፣ ለመንገርም የደፈረ የለም። አውቶቡስ ተከራይተናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ፣ ካርድ።

በቴሌግራም መላክ ይቻላል፣ አውቃለሁ፣ ለኛም ጓደኞቻችን እንደዛ ነው የላኩልን፣ ሙዚቃ ያለው አበባ የሚረግፍበት ቪዲዮ፣ ያምራል፣ ለጓደኛ ይሆናል። ለትልቅ ሰው ግን ካርድ በእጅ ነው የሚሰጠው፣ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ስሞቹን የሚጽፈው አባቴ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ የእጅ ጽሁፉ የታተመ ነው የሚመስለው። ማታ ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ያስነሳና መነጽሩን አድርጎ፣ ብዕሩን ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሞክሮ ይጀምራል። የሰው ስም ተሳስቶ መጻፍ ነውር ነው ብሎ ያምናል፣ ስለዚህ በየትኛው "ሀ" እንደሚጻፍ ለማረጋገጥ ለባለስሙ ይደውላል፣ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ሰውየው ካርዱ ሳይደርሰው ስለ ሰርጉ ሁሉንም ነገር ያውቃል። ትልቁ ጉዳይ ግን "ከነባለቤትዎ" ነው ወይስ "ከነቤተሰብዎ" የሚለው ነበር። እጮኛዬ ወንበሩን ኤክሴል ላይ የያዘው እሱ ስለሆነ ከነባለቤትዎ ይላል፣ አባቴ ደሞ ሁሉም ላይ ከነቤተሰብዎ እያለ ይጽፋል።

"ጋሼ፣ እሳቸው እኮ ሰባት ልጆች አሏቸው።"

"ታዲያ የትኛውን ልተወው ልጄ?"

እጮኛዬ ትንሽ አሰበና ኤክሴሉን አስተካከለ። እኔ ያን ቀን ነው ይሄ ልጅ ቤታችን ውስጥ ምንም እንደማይቸገር የገባኝ።

ማደሉ ደሞ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ቤት ተገብቶ ወዲያው አይወጣም፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ነው ቶና ላይ መነሳት የለም፣ ምሳ ሰዓት ከሆነ ምሳ አለ፣ ምሳ ሰዓት ካልሆነም ምሳ አለ። የገና ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ ሁሉም ቤት የራሱ አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ጉለሌ ጀምረን ቀጨኔን ጨርሰን ሽሮ ሜዳ እንወጣለን ብለን ፕሮግራም እንይዝና ጉለሌ ይመሽብናል። እጮኛዬ ደሞ ጉርሻ እምቢ ማለት አያውቅም፣ "አፈር ስሆን" ሲሉት ይጎርሳል፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲሉት ሁለተኛውንም ይጎርሳል። ሱፉ የተለካው ከዚህ ሁሉ በፊት ስለነበር ልብስ ሰፊው ጋ ሄደን ሲሞክረው አልዘጋም አለ፣ ሰውየው ግን ምንም አልመሰለውም፣ "ሙሽራ ሁሉ ካርድ ሲያድል ይጨምራል፣ እኔ ትርፍ ጨርቅ ትቼ ነው የምሰፋው" ብሎ ስፌቱን እዛው ይፈታው ጀመር።

አንዱን ቤት ልንገራችሁ። ጉለሌ ያሉ የአባቴ አክስት ናቸው፣ እማማ ነው የምንላቸው። እጮኛዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና "የማን ልጅ ነህ?" አሉት። የአባቱን ስም ተናገረ፣ "የሱስ አባት?" እያሉ ወደ ላይ ወሰዱት። እኛ ጋ ዝምድና እንዳይገናኝ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል፣ ጎጃምና ጉራጌ የት ይገናኛል ብዬ እኔ ተረጋግቼ ቡናዬን እጠጣለሁ። "በእናትህስ በኩል?" አሉ። የእናቱን አባት ስም ሲጠራ እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ቆይ፣ መርካቶ ሰባተኛ ጋ ሱቅ የነበረው?" "አዎ እማማ።" ስኒዬ እጄ ላይ ቀረ።

ለካ ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልብስ የሚገዙት ከሱ አያት ሱቅ ነበር፣ በዱቤ፣ ወር ሲደርስ ነው የሚከፍሉት። "የሰርጌን ነጠላ ከሱ ነው የገዛልኝ" አሉና ተነስተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ነጠላው አለ። ጥለቱ ደብዝዟል ግን አንድ ቦታ እንኳን አልተቀደደም፣ አሪቲ አሪቲ ይሸታል። እጮኛዬ እኚህን አያቱን አያውቃቸውም፣ እሱ ሳይወለድ ነው የሞቱት። "ረጅም ነበር፣ ቀልደኛ፣ ጨርቅ ሲለካ በክንዱ አስበልጦ ነው፣ ሰው ወረፋ የሚጠብቀው ለዛ ነው" አሉት። እሱ ነጠላውን ይዞ ዝም ብሎ ይሰማል፣ ከዛ ሌላስ? ሌላስ? እያለ ይጠይቃቸዋል፣ በረካው ካለቀ በኋላ ሌላ ቡና ተፈላ። ስንወጣ "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ፣ የአብርሃም የሳራ ያድርግላችሁ" ብለው መረቁን። መኪና ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ለእናቱ ደወለ፣ ስለ አባታቸው ሲነግራቸው ስልኩ ውስጥ ሲስቁም ሲያለቅሱም ይሰማኛል። ካርዱን በቴሌግራም ብንልከው ኖሮ ይሄ ሁሉ የት ይገኝ ነበር?

የሚዜዎቹን ነገር ብዙም አላወራም። የቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ኤመራልድ ግሪንና ቦትል ግሪን ልዩነት አላቸው የላቸውም በሚለው ሌሊት ሙሉ ቮይስ ሲላላኩ ያደሩበት ጊዜ አለ፣ እህቱ ዱባይ ሱቅ ውስጥ ሆና ጨርቁን በኢሞ ታሳየናለች፣ ካሜራው ደሞ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ጥቁር ያደርገዋል። ጨርቁን ገዝታ ልካልን በፀሐይ ስናየው ሁሉም ወደዱት፣ ስሙን እስካሁን አልተስማሙበትም።

ወረዳም ሄደናል። በክብር መዝገብ ሹም ፊት መፈራረም የምትፈልጉ ካላችሁ ሕጉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አሳውቁ ነው የሚለው፣ ምስክርም በየወገናችሁ ሁለት ሁለት፣ ስለዚህ ለመጨረሻ ሳምንት አታስቀምጡት። ፎርሙን ስንሞላ ሰራተኛዋ "በፍላጎታችሁ ነው አይደል?" ብላ ስትጠይቀን ወረፋ ላይ ያሉ አንድ አባት "ፊታቸው አይነግርሽም እንዴ ልጄ" አሏት፣ ወረፋው በሙሉ ሳቀ እሷም ሳቀች።

አሁን የያዝኩት ትልቁ ስራ ጭፈራ ነው። የጉራግኛው ፈጣን ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል፣ እና አማቴ (አሁኑኑ እንደዛ ማለት ጀምሬያለሁ) ካልቻልሽ አትዳሪም ብለው ኩሽና ውስጥ ያለማምዱኛል። ቅቤው ትልቅ ብረት ድስት ላይ እየተነጠረ ነው፣ ቤቱ በሙሉ ኮረሪማ ሸቷል፣ ጾም ስለሆነ ማንም አይቀምሰውም፣ እሳቸው ማማሰያውን ይዘው በሱው ምቱን ድስቱ ጠርዝ ላይ ይመቱልኛል፣ "እግርሽን አንሺ! አንሺ! ትከሻሽን ተይው እሱ የጎጃም ነው!" ይሉኛል። እኔ ደሞ እስክስታውን ለሳቸው አሳያለሁ፣ ዕድሜያቸው ስልሳ አልፏል ግን አንገታቸውን ሲሰብቁት ማመን ያቅታል፣ የሰርጉ ለት ጎጃምኛው ሲመጣ ከአባቴ ጋር ነው የምወርደው ብለዋል፣ አባቴም ሰምቷል፣ መስታወት ፊት ሲለማመድ እናቴ አይታዋለች።

ገና ያልተሰጡ ካርዶች አሉ። ኮልፌ፣ ሳሪስና አያት ያላችሁ ዘመዶቻችን ይሄን የምታነቡ ከሆነ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣን ነው፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ከነቤተሰብዎ ነው፣ ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ። አባቴ ስማችሁን ሊያረጋግጥ ይደውል ይሆናል፣ ስልክ አንሱለት።