ወረቀቱን ማን ያመጣለት ነበር?

በደቡብ ስዊድን በሚገኝ አንድ ሙዚየም በአስጎብኚነት ስሠራ፣ በዚያው አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በአማርኛ ገለጻ እንድሰጥ የተመደብኩበት ቀን ነበር። የዕለቱ ዐውደ ርእይ የሠዓሊው የካርል ፍሬድሪክ ሂል ነው።

ሂል እ.ኤ.አ. በ1849 በሉንድ ከተማ ከአንድ የሒሳብ ፕሮፌሰር ተወለደ፤ ስቶክሆልም በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ከተማረ በኋላ በ1873 ወደ ፓሪስ ሄዶ፣ ኮሮ የተባለውን ፈረንሳዊ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ፈለግ እየተከተለ የፈረንሳይን ወንዞችና ያበቡ የፖም ዛፎች በዘይት ቀለም ይሥል ነበር። ሳሎን የሚባለው የፓሪስ ታላቅ የሥዕል ዐውደ ርእይ በ1875 ሥዕሉን ቢቀበለውም ከዚያ ወዲያ ፊቱን አዞረበት። እስከዚህ ድረስ ገለጻው ሳይደናቀፍ ወረደልኝ። 1878 ላይ ስደርስ ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ሰውየው በ28 ዓመቱ አእምሮው ታምሞ በፓሪስ ፓሲ በተባለ ሰፈር ወደሚገኝ ሆስፒታል መግባቱን ብናገር አንዱ ይስቃል፣ ሌላው «መንፈስ ነው» ይላል ብዬ ፈራሁና፣ «ከዚህ በኋላ ታመመ፤ ሥራውም በዚሁ አበቃ» ብዬ ቀጣዩን ክፍል በጥድፊያ አቋርጬ እንግዶቹን ወደ መውጫው መራኋቸው።

አንዲት እናት ግን አልተከተሉኝም። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ አጋዘን የተሣለበት ወረቀት ፊት ቆመዋል።

«ልጄ፣ ሥራው አበቃ አላልክም? ታዲያ ይህን ማን ሣለው?»

«እሱው ነው እማማ፤ ታሞ ሳለ የሣለው ነው።»

«ታሞ ስንት ዓመት ኖረ?»

«በ1911 ነው ያረፈው። ሠላሳ ሦስት ዓመት።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይህን ሁሉ ወረቀትስ ማን ያመጣለት ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የገለጻ ጽሑፌን ያዘጋጀሁት ስለ ዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ብቻ አንብቤ ስለነበር፣ የቀረውን የሰውየውን ዕድሜ እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሬው ኖሯል። ያን ማታ ተቀምጬ ሳነብ፣ ሂል ከዴንማርኩ የሮስኪልድ ሆስፒታልና ከሉንድ ሆስፒታል በኋላ ከ1883 ጀምሮ በወላጆቹ ቤት እንደኖረ፣ እናቱና ሄዳ የተባለችው እኅቱ እንዳስታመሙት፣ በዚያም ቤት አንበሳውን፣ ዝሆኑን፣ ፏፏቴውንና ቤተ መንግሥቱን በጠመኔና በቀለም እየሣለ በሺዎች የሚቆጠሩ ንድፎች እንደተወ ተረዳሁ። በፈረንሳይ በዘይት ቀለም የሠራው ለአምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «አበቃ» ያልኩት፣ አብዛኛው ሥራው ገና ሳይጀመር ነበር፤ ይህን ስገነዘብ ብቻዬን ሆኜ እንኳ አፈርኩ።

የሚቀጥለውን ጉብኝት ከንድፎቹ ክፍል ጀመርኩ። ሕመሙን በስሙ ጠራሁት፤ የሄዳንም ስም ከወንድሟ ስም አስከትዬ ተናገርኩ። እንደፈራሁት አንድ ወጣት ሳቀ፤ ከአጋዘኑ ፊት ግን የመጨረሻው ሰው ሆኖ የቀረው እሱ ነበር።