ቪዮኜን ያወቅኩት ከፍሬው ነው

ስለ ነጭ ወይን ሲወራ ሰው የሚያነሳው ጠርሙሱንና ዋጋውን ነው። እኔ ቪዮኜ የሚባለውን ነጭ የወይን ዝርያ ያወቅኩት ከፍሬው ጀምሬ ነው፤ ወይን ማወቅ እፈልጋለሁ ለሚለኝ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው። ከዚህ በስተደቡብ፣ የቪዬንን ከተማ አልፎ፣ ሮን ወንዝ ዳር ኮንድሪዮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የቪዮኜ አገሩ እዚያ ነው። በመኸር ሰሞን የወይን ለቃሚ ሲፈልጉ ሄጄ ተቀጠርኩ።

ስራው ከባድ ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ትራክተር አይገባም፣ ሁሉም በእጅ ነው። ተክሉ የቆመው በድንጋይ ካብ በተያዘ እርከን ላይ ነው፣ አፈሩም የተፈረፈረ ግራናይት ስለሆነ በዝናብ ይታጠብና ወደ ታች ይወርዳል። መቀስና ባልዲ ይዛችሁ ዘለላውን በአንድ እጅ ደግፋችሁ ትቆርጣላችሁ፤ የበሰበሰውን እዚያው ትጥላላችሁ።

ለራሴ ያወጣሁት ዘዴ ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ከላይኛውም ከታችኛውም እርከን አንዳንድ ፍሬ እቀምሳለሁ፣ ቆዳውንም ሳልተፋ በደንብ አኝካለሁ። መዓዛው በብዛት ያለው ቆዳው ላይ ነዋ! ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ጎምዛዛ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ከጣፈጠ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሽታ የለውም። ከዚያ ቆዳው ወደ ቢጫ ሲያደላ በድንገት አፕሪኮትና ኮክ ይመጣል፣ አበባ አበባም ይላል። ችግሩ መዓዛው ሲመጣ ጎምዛዛነቱ እየሸሸ፣ ስኳሩም እየጨመረ ነው፤ ለዚህ ነው በከተማዋ ስም ኮንድሪዮ የሚባለው ወይን በቀላሉ 14 በመቶ አልኮል የሚደርሰው። ቀድመው ከለቀሙት መዓዛ የሌለው ተራ ነጭ ወይን ይሆናል፣ ካዘገዩት ደግሞ አፍ ላይ ይከብዳል፣ ቅባት ቅባት ይላል። ቪዮኜ እንግዲህ የቀን ጉዳይ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ብርጭቆ ላይ የምፈልገውም ተለወጠ። አፍንጫ ብቻውን አይበቃም። ሽታው ማር ያለበት ይመስላል፣ ስትቀምሱት ግን አብዛኛው ስኳር አልባ ነው። ሊናሎልና ጄራኒዮል የሚባሉት፣ በጽጌረዳና በሌሎች አበቦችም የሚገኙት መዓዛ ሰጪዎች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። ስለዚህ ከዋጥኩ በኋላ አፌን የሚያነቃቃ ነገር ቀርቷል ወይ ብዬ ነው የምፈርደው። ያ ካለ በሰዓቱ ተለቅሟል ማለት ነው።

በጣም አታቀዝቅዙት። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሲሆን ነው መዓዛው የሚወጣው። ለዓመታት አስቀምጡት የሚል ቢያጋጥማችሁ አብዛኛውን ጊዜ አትስሙት፤ ውበቱ በወጣትነቱ ነው።

ይህ ወይን ዛሬ መኖሩ ራሱ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1940 ኮንድሪዮ የራሱን የተጠበቀ ስያሜ አገኘ። ዳገቱን የሚያርስ ሰው እየጠፋ ሄዶ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ በመላው ፈረንሳይ የቀረው ቪዮኜ ከ20 ሄክታር ያነሰ ነበር። ጎረቤቶቹ እርከናቸውን ጥለው ሲሄዱ ተክሉን ይዘው ከቀሩት ሰዎች ዋነኛው ወይን አምራቹ ዦርዥ ቬርኔ ነበሩ። ዛሬ ኮንድሪዮ ብቻውን 200 ሄክታር ገደማ አለው። ከጎኑ ኮት ሮቲ በሚባለው የወይን አካባቢ ደግሞ ሲራ የሚባለውን ቀይ ወይን ሲያብላሉ እስከ 20 በመቶ ቪዮኜ መጨመር በሕግ ተፈቅዷል፣ ብዙዎቹ ግን የሚጨምሩት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ከእኛ ምግብ ጋር? ከበርበሬ ጋር አልመክርም፣ አልኮሉ ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ዝንጅብልና እርድ የገባበት የዶሮ አልጫ ጋር ግን በጣም ይስማማል፣ ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ።

ኮንድሪዮ ውድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ጠርሙሱ ላይ «ኮሊን ሮዳኒየን» የሚል ቪዮኜ እጠቁማለሁ። ከዚያው አካባቢ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ዝቅ ይላል። ስትገዙ ዓመተ ምህረቱን እዩና ከቅርቦቹ አንዱን አንሱ።