የሚከራይ ቤት ስትሸጡ ብሩ እጃችሁ እንዳይገባ

ሜሪላንድ ውስጥ ስናከራየው የነበረውን ታውንሃውስ ሸጠን ሌላ የሚከራይ ቤት ገዛንበት። የትርፉን ታክስ ለጊዜው አልከፈልንም። የአሜሪካ የታክስ ሕግ አንቀጽ 1031 ይፈቅዳል፤ ታክሱ አይሰረዝም፣ ወደፊት ይገፋል እንጂ። በትርፉ ላይ ለፌዴራል 15 ወይም 20 በመቶ፣ በዲፕሪሲዬሽን (ቤቱ ያረጃል ተብሎ በየዓመቱ ከገቢ በሚቀነስ ሒሳብ) ስንቀንስ በኖርነው ላይ እስከ 25 በመቶ፣ ከዚያ የስቴቱ ታክስ አለ። ይህን ሁሉ ለጊዜው ከመክፈል መዳናችን እስካሁን ደስ ይለኛል።

ሽያጩ ቀላል ነበር። ቀለም ተቀባ፣ ገዢ መጣ። ያንገበገበኝ፣ ብሩ እኛ እጅ መግባት ስለሌለበት፣ አዲሱን ቤት እስክንገዛ ማን ይያዝልን የሚለው ነው።

ለዓመታት ታክሳችንን የሠራልን ሰው «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ቤት ስታገኙ እሰጣችኋለሁ» አለን። ሕጉ ግን ባለፉት 2 ዓመታት አካውንታንታችሁ፣ ጠበቃችሁ ወይም ኤጀንታችሁ የነበረ ሰው እንዲይዘው አይፈቅድም። ሥራው ነው፣ ይህን እንዴት አያውቅም? ትተነው ከአንድ ኢንተርሚዲየሪ (የሽያጩን ብር ይዞ ለአዲሱ ቤት ግዢ ከሚያውል ድርጅት) ጋር ከክሎዚንጉ፣ ማለትም ሽያጩ ተፈርሞ ከሚያልቅበት ቀን በፊት ተፈራረምን። የውሉ ወረቀትም ክሎዚንጉን ለሚያስፈጽመው ቢሮ ተላከ።

የክሎዚንጉ ዕለት የሒሳቡን ወረቀት ሳገላብጥ «ለሻጭ የሚከፈል» ከሚለው ጎን የባለቤቴና የእኔ ስም ተጽፏል። ከሥሩ የራሳችን የባንክ አካውንት። የቢሮውን ሠራተኛ ስጠይቃት «ምን ችግር አለው? ነገ እናንተ ታስተላልፉላቸዋላችሁ» አለችኝ። ችግርማ አለው! ብሩ ለአንድ ቀን እንኳ አካውንታችን ቢገባ ነገሩ አበቃ፣ ታክሱ ይከፈላል። የተላከላትን ወረቀት አልከፈተችውም ነበር። አንፈርምም አልን። ገዢዎቹ ፊታቸውን አጨፍግገው ተቀመጡ። ወረቀቱ ታርሞ እስኪታተም ከወንበሬ አልተነሳሁም። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ስለዚህ የሒሳቡን ወረቀት ከክሎዚንጉ በፊት አስልኩና በዓይናችሁ እዩት። ኢንተርሚዲየሪውንም ገንዘባችሁን በተለየ አካውንት ይይዝ እንደሆነ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ላንድአሜሪካ የተባለው የታይትል ኢንሹራንስ ኩባንያ ሲከስር፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ቅርንጫፉ ጋ የነበረ የደንበኞች ገንዘብ ታግቶ ነበር።

ኤጀንቶች «መጀመሪያ ሽጡ፣ ከዚያ ትፈልጋላችሁ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከሸጣችሁበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ የምትገዙትን ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ፤ እሑድም በዓልም ይቆጠራል። ዋጋው ምንም ይሁን እስከ 3 ቤት መዘርዘር ይቻላል። የራሳችሁን ቤት ገበያ ላይ ሳታወጡ ፍለጋውን ጀምሩ።

ግዢውን ለመጨረስ 180 ቀን አለ ይባላል። ነገር ግን የዚያ ዓመት ታክስ ማስገቢያ ቀን ከቀደመ ጊዜው እዚያ ላይ ያበቃል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የሸጠ ሰው ሚያዝያ ላይ ማራዘሚያ ይጠይቅ።

«አዲስ አበባ ብንገዛበትስ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይሆንም። አሜሪካ ያለ ቤት የሚለወጠው አሜሪካ ባለ ቤት ብቻ ነው። አዲስ አበባ መግዛት የሚፈልግ ታክሱን ከፍሎ ይግዛ።