መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የፕሮግራምን ፍጥነት መለካት

ባለፈው ሳምንት ኮዬ ፈጬ በሚገኘው ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ አንድ ፕሮግራም ስለካ፣ ያው ኮድ በያው ፋይል ላይ መጀመሪያ በ11፣ ቀጥሎ በ21 ሰከንድ ጨረሰ። በመካከሉ የነካሁት አንድም መስመር የለም። በሁለቱ ሙከራዎች መሀል መብራት ጠፍቶ ስለነበር ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ተሻግሮ፣ ኃይል ለመቆጠብ ሲል የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎታል። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ እየለካሁ «አሻሽዬዋለሁ» ወይም «አበላሽቼዋለሁ» ያልኩት ኮድ ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ አልፈለግሁም።

ፕሮግራሙ የአማርኛ ጽሑፍ ተቀብሎ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ስለሚጽፈው፣ እነዚህን ሳያዋህዱ በጽሑፍ ውስጥ ቃል መፈለግ አድካሚ ነው። የለካሁት 240 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ሃያ ጊዜ እያስነበብኩት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ጽሑፍ በባይት በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር ሦስት ባይት ስለሚይዝ አንዱ ዙር ሰማንያ ሚሊዮን ገደማ ፊደል ማለት ነው።

ከሰዓት ሌላ መለኪያ የሆነኝ የፕሮሰሰሩ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ደረጃው ሥር የተደረደረው የመብራት ቆጣሪ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ አንድ ክስተት በተፈጸመ ቁጥር በራሱ አንድ የሚጨምር ትንሽ የሃርድዌር መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ ፔንቲየም ጀምሮ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ሲኖር፣ በሊኑክስ ላይ ግን በቀላሉ የሚነበበው ፐርፍ የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የሊኑክስ እምብርት ከሆነው ከከርነል 2.6.31 ጋር ከወጣ በኋላ ነው። ተርሚናል ላይ «ፐርፍ ስታት» ብሎ የፕሮግራሙን ስም ማስከተል ይበቃል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ መሣሪያው «ሊኑክስ ቱልስ» በሚባለው ጥቅል ውስጥ ስለሚመጣና ከከርነሉ ስሪት ጋር መመሳሰል ስላለበት፣ ከርነሉ በተሻሻለ ማግስት «አልተገኘም» ሲል አንባቢ እንዳይደነግጥ። ተራ ተጠቃሚንም ስለሚከለክል ወይ በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስነሳት፣ ወይ «ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ» የተባለውን የከርነል ቅንብር ቁጥር ዝቅ ማድረግ ግድ ይላል።

ሁለቱን ሙከራዎች በፐርፍ ስደግማቸው ነገሩ ግልጽ ሆነ። በመብራትም በባትሪም የተፈጸሙት ትእዛዛት ወደ 48 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የፕሮሰሰሩ ዑደትም፣ ማለትም የውስጥ ሰዓቱ ምት፣ ከ37 ቢሊዮን ብዙ አልራቀም። የተለያየው ከዑደቱ ጎን የተጻፈው ጊጋኸርዝ (በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ዑደት እንደሚሄድ) ብቻ ነበር፦ በመብራት 3.4፣ በባትሪ 1.8። ሥራው ያው ሆኖ ሠራተኛው ነው የዘገየው። ብዙ ጊዜውን ሜሞሪን በመጠበቅ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ ግን ፕሮሰሰሩ ሲዘገይ የሚባክነው ዑደት ስለሚቀንስ፣ የዑደቱ ቁጥር እንዲህ ባልተቀራረበ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ሌላ መስመር ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ዑደት የሚፈጽመው ትእዛዝ 1.3 ብቻ ሲሆን፣ ከብራንቾቹም ከመቶ ስምንት ያህሉ በስሕተት የተገመቱ ነበሩ። ብራንች ኮዱ «ይህ ከሆነ በዚህ፣ ካልሆነ በዚያ» የሚልበት ቦታ ነው፤ ፕሮሰሰሩ መልሱን ሳይጠብቅ ገምቶ ወደፊት ይሮጣል፣ ግምቱ ከሳተም የጀመረውን ጥሎ ስለሚመለስ በአንድ ስሕተት ከ15 እስከ 20 የሚደርስ ዑደት ይባክናል። እኔ ደግሞ «ሐ ነው? ኀ ነው? ሠ ነው? ዐ ነው?» እያልኩ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደርድሬ ነበር፤ ቀጣዩ ፊደል ምን እንደሚሆን ማን ይገምታል?

ይህ ከብዙ ወራት በፊት መታየት የነበረበት ስሕተት ነው። ያን ጊዜ የሞከርኩት ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ደጋግሜ በማስነበብ ስለነበር፣ ፕሮሰሰሩ የፊደላቱን ቅደም ተከተል እንደ ቆሎ ተማሪ በቃሉ ይዞት የግምት ስሕተቱ ወደ ዜሮ ወርዶ ነበር። በትንሽ ፋይል መለካት መልካም ዜና ይዞ ይመጣል፤ ዜናው ግን ሐሰት ነው።

መፍትሔው አጭር ሆነ። ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ዋናው ክፍል 384 ቦታዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት ሰጥቼ ምትኩን አስቀድሜ ብሞላበት ሰንጠረዡ በጠቅላላው 768 ባይት፣ ማለትም 64 ባይት የሆኑ 12 የካሽ (የትንሹና ፈጣኑ ሜሞሪ) መስመሮች ብቻ ስለሚይዝ፣ ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆነው ካሽ ውስጥ ያለ ችግር ይቀመጣል። ጥያቄዎቹን ሁሉ አስወግጄ በፊደሉ ቁጥር ሰንጠረዡን ብቻ እንዲያነብ አደረግሁት። ትእዛዛቱ ወደ 30 ቢሊዮን ወረዱ፣ በአንድ ዑደት የሚፈጸመው ወደ 2.7 ከፍ አለ፤ ሰዓቱም በመብራት ከ3 ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ፣ በባትሪ 6 ገደማ ሆነ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለአንድ ትሬድ (በአንድ ጊዜ ለሚሄድ አንድ የሥራ መስመር) ካላቸው ሦስት ቋሚ ቆጣሪዎች ሌላ እንደ ልብ የሚታዘዙት አራት ያህል ብቻ ናቸው። ከዚያ በላይ ክስተት በአንዴ ከተጠየቀ ፐርፍ በተራ እያፈራረቀ ይቆጥርና የቀረውን በስሌት ይሞላል፤ በመስመሩ መጨረሻ ከመቶ በታች የሆነ ቁጥር ሲታይ ያ ነው፣ እኔም ያኔ ክስተቶቹን ቀንሼ እደግማለሁ። በኪራይ በሚገኙ ቨርቹዋል ሰርቨሮች ላይ ደግሞ አዘውትሮ ቆጣሪዎቹ ጭራሽ ስለማይታዩ፣ ውጤቱ በቁጥር ፈንታ «አይደገፍም» የሚል ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት መለኪያዬ አሁንም ይኸው ላፕቶፕ ነው።

የውጤት ደብተሬ ከዚህ በፊት አንድ ዓምድ ነበረው፣ ሰከንድ። አሁን ትእዛዝ፣ ዑደትና የብራንች ስሕተት ተጨምረውበታል፤ ከሰከንዱ ጎን ደግሞ በእርሳስ «መ» ወይም «ባ» እጽፋለሁ።