የቤዝ ጃምፐር ታሪክ ማንበብ ያዋጣል ወይ? እኔ እንዴት እንዳነበብኩት

እኔ ሥራዬ ታወር ላይ ነው፣ ሐዋሳና ዙሪያዋ ባሉ ሳይቶች እየወጣን አንቴና እንቀይራለን፣ ኬብል እናስራለን፣ ቡሎን እናጠብቃለን፣ ስለዚህ ከፍታ ለኔ እንጀራ ነው እንጂ መዝናኛ አይደለም። ከውጭ መጥቶ የነበረው የአክስቴ ልጅ ሲመለስ ሻንጣው ኪሎ አልፎበት ጥሎልኝ የሄደው መጽሐፍ የአንድ ቤዝ ጃምፐር የሕይወት ታሪክ ሆኖ አረፈው። እኛ ላለመውደቅ ስንት እንለፋለን፣ ሰውዬው ገንዘቡን ከፍሎ ይወድቃል። ግን ጨረስኩት፣ ሳይቱ ላይ ያሉ ልጆችም "ይነበባል ወይስ ዝም ብሎ ጊዜ መግደል ነው?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ እንዴት እንዳነበብኩት ልንገራችሁ።

ለማያውቅ ሰው፣ ቤዝ ማለት ከአውሮፕላን ሳይሆን ከህንፃ፣ ከአንቴና፣ ከድልድይና ከገደል በፓራሹት መዝለል ነው። አዎ አንቴና፣ የኛው ታወር! ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ሁለት ፓራሹት ይይዛል፣ አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን ይከፍታል፣ ቤዝ የሚዘል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው የሚይዘው ምክንያቱም ለሁለተኛው ጊዜ የለም።

ጊዜ የለም ሲባል ምን ያህል እንደሆነ ስላልገባኝ ሒሳብ ሠራሁ። አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ ፔሪን የሚባል ድልድይ አለ፣ 148 ሜትር ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ያለ ፈቃድ ይዘለልበታል። ፓራሹቱ ባይከፈት ታች ለመድረስ አምስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ከአዲስ አበባው የንግድ ባንክ ህንፃ ጫፍ፣ ያ 200 ሜትር የሚያልፈው፣ ቢሆን እንኳን ሰባት ሰከንድ ቢሞላ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ማኪያቶዬን ይዤ ስልኬ ላይ ስቶፕዋች ከፈትኩ፣ አስተናጋጇ ሒሳብ ተቀብላ ፊቷን ሳታዞር አምስት ሰከንድ ተኩሏ አለቀች። ጸሐፊው ደግሞ ለዚችው ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል፣ ሰማዩ አናገረኝ፣ ከራሴ ጋር ታረቅኩ፣ ምናምን። አላመንኩትም። ከዛ በኋላ አየር ላይ ያለበትን ገጽ በሙሉ እያለፍኩ ከመዝለሉ በፊትና ካረፈ በኋላ ያለውን ብቻ ማንበብ ጀመርኩ፣ መጽሐፉ ያን ጊዜ ነው የጣፈጠኝ።

ለምሳሌ ፓራሹቱን የሚያጥፍበት ቦታ አለ። ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክኮ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየለየ፣ ጨርቁን እየደራረበ፣ ዋናውን ፓራሹት ጎትታ የምታወጣውን ትንሿን ፓራሹት ደግሞ እየመረጠ ነው። ከዝቅተኛ ቦታ ለሚዘል ትልቅ ነው የሚመረጠው፣ ሰውየው ገና ፍጥነት ስላላገኘ የሚመታው አየር ደካማ ነው፣ ትንሽ ከሆነች ዋናውን ቶሎ መጎተት ያቅታታል። እኔ ተቃራኒው ነበር የመሰለኝ። ይሄን እየሠራ እያለ ስልክ ይደወልለታል፣ ያነሳል፣ ያወራል፣ ይዘጋል፣ ከዛ ካቆመበት አይቀጥልም፣ የታጠፈውን ሁሉ ፈትቶ ከዜሮ ይጀምራል። እቺን ለሥራ ባልደረባዬ ሳነብለት "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብሎ ሃርነሱን፣ ታወር ላይ እንዳንወድቅ የምንታጠቀውን ቀበቶ፣ ከትከሻው አወረደና መቆለፊያዎቹን እንደገና አየ። አልዋሽም፣ እኔም አየሁ።

ሌላ የተማርኩት ነገር፣ ፓራሹት ተከፈተ ማለት ተረፈ ማለት አይደለም። ከገደል ሲዘለል ፓራሹቱ ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ መከፈት አለበት፣ ዞሮ ከተከፈተ ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ነው የሚበረው፣ ለማዞር ያለህ ጊዜ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። ጸሐፊው ይሄን ሲያስረዳ አይፎክርም፣ እንደ መካኒክ ነው የሚያወራው፣ እንደዛ ሲያወራ በጣም ወደድኩት።

የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ማታ ማታ ያነበብኩትን ለእናቴ በአማርኛ እተርክላታለሁ፣ አንድ ቀን ቡናውን እየቆላች ዝም ብላ ሰማችኝና "እናት የለውም እንዴ ይሄ ልጅ?" አለች። ተመልሼ ፈለግኩ። እናቱ አለች፣ ግን ሁለት መስመር ላይ ብቻ፣ ስልክ ደወለላትና አለቀሰች፣ አለቀ። ስለ ጫማው ሦስት ገጽ የጻፈ ሰው! ይሄ የመጽሐፉ ትልቁ ድክመት ነው፣ እናቴ ባትናገር ደግሞ ልብ አልለውም ነበር።

ከመጽሐፉ ቀረ የምለውን የቤተሰብ ታሪክ ለማወቅ ስለ ካርል ቦኒሽ አንብቡ። በፈረንጆቹ 1978 ኤል ካፒታን ከሚባለው የካሊፎርኒያ ገደል ሲዘለል ቀርጾ ስፖርቱን ለዓለም ያሳየው እሱ ነው፣ በ1984 ኖርዌይ ትሮልቬገን ላይ ከሚስቱ ከጂን ጋር ለሪከርድ ዘለሉ፣ ብዙም ሳይቆይ እዛው ተራራ ላይ ብቻውን ሲዘል ሞተ። ጂን በቀናት ውስጥ ተመልሳ እዛው ዘለለች። እኔ እንደዚች ዓይነት ሴት የምትለውን ነው መስማት የምፈልገው፣ ለምን እንደተመለሰች፣ ለቤተሰቦቻቸው ምን እንዳለች። ኖርዌይ እዛ ቦታ ላይ መዝለልን በ1986 ከለከለች።

ሌላው፣ መጽሐፍ የሚጽፈው የተረፈው ሰው ነው። ይሄን ሁልጊዜ እያሰባችሁ አንብቡ። ኬራግ በሚባል ሌላ የኖርዌይ ገደል ከ1995 እስከ 2005 የተዘለለው ተቆጥሮ 20,850 ዝላይ ላይ ዘጠኝ ሰው ሞቷል፣ በግምት ከ2,300 ዝላይ አንድ። አንዴ ዘሎ ለሚተወው ትንሽ ይመስላል፣ በዓመት መቶ ጊዜ እየዘለለ አስር ዓመት ለሚቆይ ግን 1,000 ዝላይ ነውና ራሳችሁ አስሉት። ጸሐፊው በየምዕራፉ "ጓደኛዬ እገሌ፣ ነፍሱን ይማር" ሲል መጀመሪያ አለፍኩት፣ በኋላ እርሳስ ይዤ ስማቸውን ማስመር ጀመርኩ፣ ከዛ በኋላ ጀብዱው እንደ ቀድሞው አልሆነልኝም።

ታዲያ ይነበብ? የኔ መለኪያ አንድ ነው፣ ያልዘለለበትን ቀን ጽፏል ወይ? ይሄኛው ጽፏል። ሌሊቱን ሙሉ ተራራ ወጥተው ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ንፋሱ ይቀየራል፣ ጓደኞቹ ትንሽ ጠብቀው ይዘላሉ፣ እሱ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ይወርዳል፣ መኪና ውስጥ ሲስቁበት ዝም ይላል። የሚያሳፍር አድርጎ ነው የጻፈው፣ ለኔ ግን ምርጡ ምዕራፍ እሱ ነው። እኛም ከሰዓት በሐይቁ በኩል ንፋስ ሲነሳ ሥራው ቢቀር ይቅር ብሎ መውረድ አለ፣ የሚስቅም አይጠፋም።

ስለዚህ አንብቡት፣ ግን ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ፣ ያልዘለለበትን ምዕራፍ ቀድማችሁ ፈልጉ፣ ከሌለ ተዉት። እንግሊዝኛው አይከብድም፣ የዕቃዎቹ ስም ግራ ሲያጋባኝ አጭር ቪዲዮ እያየሁ ነው የተረዳሁት። አሁን መጽሐፉ ባልደረባዬ ጋር ነው፣ እሱ ደግሞ እኔ ያለፍኳቸውን ምዕራፎች ነው የወደደው፣ ተጣልተናል። ሲመልስልኝ ለሚፈልግ አውሳለሁ፣ በእርሳስ ያሰመርኩትን እንዳታጠፉብኝ ብቻ።