ማክሰኞም የጾም ምግብ

እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ያለችው ትንሿ ምግብ ቤታችን የጾም ምግብ የምትሠራው በጾም ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ግን አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍትና ሽሮ በዘይት ሜኑው ላይ ጨመርን። በፍስክ ቀን ማን ያዘዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛው ሱፍ ፍትፍት ገና ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ! አንድ እናት "ልጄ፣ እኔ ቅቤ ተከልክያለሁ። ሐሙስስ ይኖራል?" አሉኝ። ሆዴ ባባ።

ከባዱ ወጥ ቤቱ ነው። ሽሮው ቅቤ በነካው ማማሰያ ከተማሰለ የጾም መሆኑ ቀረ። ስለዚህ ድስቱንም፣ ማማሰያውንም፣ ጭልፋውንም ለየን። አዚፋው ሰናፍጭ አንሶት ነበር፤ ነገ በጠዋት ቀፊራ ወርጄ እገዛለሁ። ሐሙስ የሽምብራ አሳ እንጨምራለን። ለእኚያ እናት አንድ ሳህን አስቀምጣለሁ።